ዱባይ የሄደው ድምፅ

መሪጌታ ዋሴ ምቀኛ ሰው አልነበረም። እንዲህ ሲባል ፈገግ የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የጎረቤቱ ላም ስትወልድ "እሰይ፣ ይባርክልህ" ያለ፣ የሰው ገብስ አምሮ ሲያይ ማሳው ዳር ቆሞ ያደነቀ ሰው ነው። የቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው የገዛ ባልንጀራው መሪጌታ አለበል ነው። የቀናበትም ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከኅዳር ሚካኤል እስከ የካቲት ድረስ ነው። ሦስት ወር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ለሚቃጠል ሰው ብዙ ናት።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። በኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ላይ ከወገዳ የመጣ አንድ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ሁለቱ መሪጌቶች እንደ ወትሯቸው ቆመዋል፤ አለበል በቀኝ፣ ዋሴ በግራ። እንግዳው የቆመው በቀኝ በኩል ነበርና ስልኩ ውስጥ የገባው አለበል ሆነ። አለበል ደግሞ ለዓይን የተፈጠረ ሰው ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጢሙ የተበጠረ፣ ጥምጥሙ እንከን የማይወጣለት። ዜማውን የሚመራው ግን ዋሴ ነበር፤ ያን ዕለትም እንዴት አድርጎ መራው መሰላችሁ። ሽማግሌዎቹ እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት። በስልኩ ላይ አለበል ጸናጽሉን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን የዋሴ ድምፅ ነው። ዋሴ ራሱ የለም። ሊያልቅ ሲል ብቻ የመቋሚያው ጫፍ ብቅ ብላ ትጠፋለች።

ያ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ዱባይ ደረሰ። እዚያ የኔነሽ የምትባል የስማዳ ልጅ አለች፤ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ አሁን በዕረፍት ቀናቸው ተሰባስበው የሚጸልዩ አበሾችን የምታስተባብር። ቪዲዮውን ከፍታ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ሰምተው አለቀሱ። ለዐቢይ ጾምና ለሕማማት መጥተው ዜማ ያስተምሩን፣ ወጪውን እኛ እንችላለን፣ ተባባሉ። ከዚያ የኔነሽ ወደ መሪጌቶቹ አገር ወደ አርብ ገበያ ደውላ፣ "ጸናጽል የያዙት፣ ረዥሙ የኔታ ማን ይባላሉ?" ብላ ጠየቀች። አለበል ይባላሉ ተባለች። በቃ፣ ዱባይ የሚሄደው አለበል ሆነ።

ዋሴ ይህን የሰማው በገበያ ቀን ነው። ጨው ሊገዛ ወጥቶ፣ ከየአቅጣጫው ሰው እየመጣ የአለበልን ጉልበት ሲስም አየ። እሱም ጠጋ ብሎ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ከልቡም ነበር፤ ምክንያቱም አለበል አሁን ዞር ብሎ "ኧረ ድምፁስ የዋሴ ነው" ይላል ብሎ እየጠበቀ ነበር። አለበል ግን "እግዚአብሔር ይመስገን" አለና ሌላ ጉልበት ሳሚ ተቀበለ።

ዋሴ ጠበቀ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል፣ ምናልባት ሰው ፊት አፍሮ ይሆናል፣ ለየኔነሽ በስልክ ነግሯት ይሆናል እያለ ጠበቀ። አለበል እቴ፤ ንፋስ መውጫ ወጥቶ ጉርድ ፎቶ ተነሣ። ቀጥሎ ጫማ ገዛ። ቀጥሎ ጎማ ያላት፣ እየተጎተተች የምትሄድ ሻንጣ ይዞ መጣ፤ ድንጋዩ ላይ እየጎተታት ሲሄድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮህባታል። የሻንጣዋን ድምፅ ዋሴ ከቤቱ ሆኖ ይሰማ ነበር። በሰማ ቁጥር እርር ድብን ይላል።

ሚስቱ ዘርፌ ነገሩ የገባት ቀድማ ነው። "አንተ አፍ የለህም? ድምፁ የኔ ነው በላቸዋ" አለችው። እንዴት ብሎ ይበል? የቤተ ክርስቲያን ሰው "ድምፄ ድምፄ" ሲል አያምርበትም፤ ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ነውር ነው። መናገር የነበረበት ሌላው ነው። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ብላ ዘርፌ ወደ ሥራዋ ገባች፤ ዋሴ ግን ያችን ተረት ሲያላምጥ ሰነበተ። አለበልን ግን የሰው ወርቅ አደመቀው፤ ምን ይዋጥለት።

ይብስ የሚያንገበግበው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ በልጅነታቸው ቤተልሔም በሚባለው የድጓ ደብር አብረው የተማሩ፣ አንድ ኮቾሮ ተካፍለው የበሉ፣ ቁራሽ ሲለምኑ በአንድ ውሻ የተነከሱ ናቸው። አለበል ቀለም አይገባውም ነበር። ያችኑ በስልክ የተቀረጸችውን ዜማ ዋሴ ነው ሌት ተቀን ያስጠናው። አንዴማ አለበል ተስፋ ቆርጦ፣ እኔ አልሆንም አገሬ ገብቼ ልረስ ብሎ ስልቻውን ሲያነሣ፣ ዋሴ ነው ስልቻውን ቀምቶ ያስቀረው። ለዚህ ለዚህ ኖሯል ያስቀረሁት፣ ይል ጀመር በሆዱ። ሲሄድ በተውሁት ኖሮ ዛሬ ገብስ ያጭድ ነበር።

ጥር አልቆ የካቲት ሲብት የመግቢያው ወረቀት መጣ፤ የመሄጃው ቀንም ተቆረጠ። ከዚያ የኔነሽ ደውላ ያን የኮሮናን ጣጣ አስረዳች። ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ባለው ሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ፣ ነጻ መሆኑን የሚናገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት መያዝ አለበት። ሰዓቷ ካለፈች ወረቀቱ አይሠራም። ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመም አይሠራም። የመግቢያ ፈቃዱም የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነው፤ አንድ ቀን ቢሳት ጉዞው ቀረ ማለት ነው። በአርብ ገበያ ኮሮና የሚባለው የከተማ ወሬ ነበር፤ ማስክም ለጤና ጣቢያ በር ብቻ ከኪስ የምትወጣ ጨርቅ ናት። አሁን አለበል ባሕር ዳር ወርዶ መመርመር ሆነበት፤ ድንጋጤ ያዘው።

ማታውን ዋሴ ቤት መጣ። የፈረንጅ ፊደል እንደማይለይ፣ ዋሴ ግን ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ሳይገባ ሰባተኛ ክፍል ደርሶ እንደነበር እያነሣሣ፣ አብሮት እንዲሄድ ለመነው። ዘርፌ ከጓዳ ሆና አውቃ ሳለች፤ ያ ሳል እምቢ በለው ማለት እንደሆነ ዋሴ ያውቃል። እሺ አለ። ለምን እሺ እንዳለ ብትጠይቁት አያውቀውም። ምናልባት በመንገድ ሁለት ብቻ ስንሆን ያችን ቃል ይናገራል ብሎ ይሆናል።

ሰኞ ከመመርመሩ በፊት ለመድረስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሡ። ሚኒባሱ በንፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ እስኪወርድ ዋሴ ጆሮውን አቁሞ ሄደ። አለበል ብዙ አወራ። ዱባይ ሙቀቱ እንዴት ያለ እንደሆነ፣ ጋቢ ይያዝ ወይስ ይቅር፣ አውሮፕላን ላይ የጾም ምግብ ይኖር እንደሆነ። ስለ ድምፅ አንዲት ቃል አልወጣችውም። አንድ ጊዜማ ተሳፋሪው ሁሉ እያየ ስልኩን ከፍቶ ያንኑ ቪዲዮ ለአጠገቡ ሴትዮ አሳየ። ሴትዮዋ፣ ይኸ ድምፅ የእርስዎ ነው? ብላ አደነቀች። አለበል ወደ መስኮቱ ዞረ። ዋሴ ማስኩን ወደ ዓይኑ ድረስ ሳበው።

ሰኞ ጠዋት በምርመራው ቦታ ሰልፉ ግቢውን ዞሯል። ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች፣ ነጋዴዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ከፊት፣ ድንኳን ሥር፣ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ሁለት መርማሪዎች ቆመው፣ ቀጭን እንጨት የመሰለ ነገር በሰው አፍንጫ ውስጥ ይሰዳሉ። አንዲት ልጅ እንጨቱ ሲገባ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አለበል ያን ሲያይ፣ አንጎል ድረስ ይገባል እንዴ አለ። ዳዊቱን አውጥቶ ደረቱ ላይ ለጥፎ በለሆሳስ መድገም ያዘ።

መዝጋቢዋ ድካም የጣላት ልጅ ናት። ፎርሙን ለዋሴ ሰጠችውና፣ አባቴ እርስዎ ይሙሉላቸው፣ ስማቸውንና የፓስፖርት ቁጥራቸውን ይጻፉ ብላ ወደ ሌላው ዞረች። ዋሴ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጦ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ገለበጠው። የትውልድ ዘመኑንም ጻፈ። ስም ከሚለው ላይ ሲደርስ፣ ፓስፖርቱ እጁ ላይ ተከፍቶ እያለ፣ አለበል ምናለ የሚለውን ስሙን ከነአባቱ እያየው፣ እንዲያው በልማድ ቀና ሳይል "ስም?" አለ።

"ገብረ ሕይወት" አለ አለበል።

አትፍረዱበት። አለበል ዓይኑ ያለው ነጭ ለባሾቹ ላይ ነው። በኛ አገር ሰው ነጭ ከለበሰ ሰው ፊት ሲቀርብና ስምህ ማን ነው ሲባል የሚናገረው የክርስትና ስሙን ነው። ጠበል ሲጠመቅ፣ ጸሎት ሲደረግለት፣ ሲናዘዝ፣ ሲቆርብ፣ ሲሞትም የሚጠራው በዚያ ስም ነው። ዓለማዊ ስም ለግብርና ለቀበሌ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ከአፉ የሚወጣው የፈጣሪው ደጅ ስም ነው። አለበል ያን ብሎ ዳዊቱን ቀጠለ፤ ምን እንዳለም ልብ አላለውም።

ዋሴ ግን ልብ አለው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። የኔነሽ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ አይሠራም ማለቷን ያውቃል፤ ያን ስትናገር ስልኩ ላይ ሁለቱም አጎንብሰው ሰምተዋል። አንተ ሰው የዓለም ስምህን ነው የጠየቅሁህ፣ ቢለው ነገሩ ያልቃል። ቀና ብሎ አየው። አዲሱ ጫማው አቧራ ነክቶት፣ ሻንጣው አጠገቡ ቆማ። እኔ ምን አገባኝ፣ አለ ዋሴ በሆዱ። የነገረኝን ነው የምጽፈው። እሱ የኔን ድምፅ ይዞ በስሙ ሲሄድ ምን አለ? ዝም አላለም? ዝም አይነቅዝም፤ እኔም ዝም እላለሁ። ገብረ ሕይወት ምናለ ብሎ በፈረንጅ ፊደል፣ በደንብ በሚነበብ፣ በሚያምር ጽሕፈት ጻፈ።

መዝጋቢዋ ፎርሙን ተቀብላ ቁጥሩን አየች፣ ማኅተም መታች። አለበል ድንኳኑ ሥር ገብቶ አማተበ፤ እንጨቱ ሲገባ አንድ ጊዜ "እግዚኦ" አለና ዓይኑን እየጠረገ ወጣ። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ውጤቱ መጣ። ነጻ ነዎት ተባለ። አለበል ወረቀቱን ሳመው፤ ፊደሉን ሳያውቅ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ሄደበት፣ ከዚያ ዳዊቱ ውስጥ፣ ገጽ መሐል አኖረው። ዋሴ ያን ሌሊት ያደሩበት የዘመድ ቤት መደብ ላይ ሲገላበጥ አደረ። ለመናገር ጊዜ ነበረ። ውጤቱን ሲቀበሉ ቢናገር መዝጋቢዋ ስሙን ብቻ አርማ እዚያው ትሰጣቸው ነበር። አልተናገረም።

ረቡዕ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘው። አለበል አንገቱን አንቆ ሳመው፤ ኮሮና የለ ምን የለ። "ዋሴ፣ አንድ ነገር ልነግርህ..." ብሎ ጀመረና አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ተወው። ዋሴም አፉን ከፍቶ ነበር። "ፓስፖርትህን አየኸው?" ሊል ነበር። ረዳቱ አለበልን በክንዱ ጎትቶ አስገባው፤ በሩ ተዘጋ። ዋሴ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሞ፣ ነገሩን ሹፌሩ ላይ አመካኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ዋሴ እየቆጠረ ነው ያሳለፈው። አሁን አዲስ አበባ ገባ። አሁን ኤርፖርት ደረሰ። አሁን ወረቀቱን አወጣ። ዘርፌ ምሳ ብታቀርብለት አንዴ ጎርሶ ተወው። አርብ በገበያው መሐል ወሬው ፈነዳ፤ መሪጌታ አለበል ከአውሮፕላን ደጅ ተመለሱ። ስሙ የሌላ ሰው ነው ተብለው። የዋሴ ልብ መጀመሪያ ያለችው "እሰይ" ነው። እውነቱን መደበቅ ምን ያደርጋል፤ እሰይ ብላለች። ከዚያ ሰውነቱ ሁሉ ከበደው። ገበያተኛው ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን ነው የበላቸው ይላል፤ ዋሴም አዎ፣ ዓይን ነው ይላል አብሮ።

አለበል ቅዳሜ ገባ። እሑድ ማኅሌት አልቆመም። ሰኞ ረፋድ ላይ ዋሴ ጭዱን ሲያስገባ አለበል በደጁ ብቅ አለ፤ ባዶ እጁን፣ ሻንጣ የለ ምን የለ። ጭዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሆነውን እየቆረጠ ነገረው። ፓስፖርቱንና ወረቀቱን ጎን ለጎን እንዳስቀመጡበት፣ ቁጥሩ ልክ ስሙ ግን ሌላ እንደሆነ እንዳሳዩት፣ የክርስትና ስሜ ነው ብሎ እንደለመነ። ሠራተኛው ማተብ ያሰረ ልጅ ነበር አሉ፤ አዝኖለት፣ አባቴ እኔ አምንዎታለሁ፣ እዚያ ያሉት ግን አይቀበሉዎትም አለው። በነጋታው የመግቢያ ፈቃዱ አበቃ። አለበል ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዋሴ ጭዱን ትቶ ቆመ። አሁን ይጠይቀኛል ብሎ ነበር። እኔ የነገርኸኝን ነው የጻፍሁ የምትል መልሱን ከአርብ ጀምሮ ሲያሰናዳት ነው የሰነበተው። አለበል ግን አልጠየቀውም።

"አንተ የነገርሁህን ነው የጻፍኸው" አለ አለበል፤ "ጥፋቱ የኔ ነው። ጥፋቴ ግን ከዚያ የሚጀምር አይደለም። የስልኩ ድምፅ ያንተ ነው ዋሴ። ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። በየቀኑ ልናገር እነሣለሁ፣ ሰው ጉልበቴን ሲስም ይጥመኛል፣ እተወዋለሁ። መናኸሪያም ልነግርህ ነበር። በሰው ድምፅ በስሜ ስሄድ፣ እግዚአብሔር በገዛ ስሜ አሰናክሎ መለሰኝ። እዚያው ሆኜ ለየኔነሽ ደወልሁላት። ድምፁ የሱ ነው፣ እኔ የሱ ተማሪ ነኝ አልኋት። ለፍልሰታ አንተን ታስመጣለች። ይቅር በለኝ።"

ከድንጋዩ ወርዶ ጉልበቱን ሊስም አጎነበሰ። ጥምጥሙ ጭድ ነካው።

ዋሴ ከኅዳር ጀምሮ የጠበቃት ቃል ይህች ነበረች። መጣችለት፤ ዱባይም አብራ መጣችለት። አሁን የቀረው የሱ ቃል ነው። አውቄ ነው የጻፍሁት፣ ማለት። ግን አለበልን አጎንብሶ ሲያየው ያ የታወቀ ቃጠሎ ተነሣበት። ይህን ሰው ተመልከቱት፤ ይቅርታውንም ቀደመኝ። በመልክ ቀደመኝ፣ በጉዞ ቀደመኝ፣ አሁን ደግሞ በጽድቅ ቀደመኝ። እኔ አሁን ብናገር ከሱ ኋላ የመጣሁ፣ የሱን ያህል እንኳ ያላማረብኝ እሆናለሁ። የሱ ኃጢአት ዝም ማለት፣ የኔ እጅ ማንሣት። አገሩ ምን ይላል? አለበልስ የተናዘዘ ነው፣ ዋሴ ግን ይላል።

በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ አነሣው።

"ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አለው።

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሆድ የሚያባባ ሆኖ ወጣ፤ ዘርፌ ከውስጥ ሰምታ እንባዋን ጠረገች። አለበልም አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ደግሞ አለቀሰ። ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ያ ረዥም ሰውዬ፣ ጉዞው የቀረበት፣ አገር የተሳለቀበት ሰውዬ፣ ሸክሙን አውርዶ እጁን እያወናጨፈ ይሄዳል፤ ታች ሲደርስ ማንጎራጎር ሁሉ ጀመረ። ዋሴ ከጭዱ አጠገብ ቆሞ እስኪሰወር ድረስ አየው። ቀናበት።